ትርፉ የት ይሂድ?

ካውንተር ስትራይክ ለሚባለው የተኩስ ጌም በምሠራው የፒያሳ ማፕ (ጨዋታው የሚካሄድበት ቦታ) ውስጥ አንድ ደረጃ አለ። ከላይኛው መንገድ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያወርድ፣ በሁለት አሮጌ ግድግዳዎች መሃል የተሰነቀረ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ነው። ለዓይን ምንም አይወጣለትም። የተላጠው ቀለም፣ በውሃ የጠቆረው የግድግዳ ሥር፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ግን ሰው ከታች ወደ ላይ ሲሮጥ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ካልዘለለ አይወጣም። ጓደኞቼ ጌም ቤት ተሰብስበው ማፑን ሲሞክሩት ሁሉም የተቀረቀሩት እዚያችው ቦታ ላይ ነበር። አንዱ "ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው? ገደል አለው እንዴ?" እያለ የስፔስ ቁልፉን ይደበድባል።

ገደል የለውም። ከአንድ ክንድ ያነሰ ልዩነት ነው ያለው። ያ ልዩነት ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አሰላዋለሁ፣ ተኝቼ አሰላዋለሁ። የደረጃው ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። እውነተኛ ሰፈርን ማፕ ውስጥ ለማስገባት የሞከረ ሰው ሁሉ ይህንን ያገኘዋል። ሁለት ነገሮች ለየብቻ ልክ ናቸው፤ ሲገጣጠሙ ግን አልገጥም ይላሉ።

## ስምንት ወይስ ዘጠኝ

የምሠራው በቀድሞው ሀመር ነው፤ ከካውንተር ስትራይክ 2 በፊት የነበረው ካውንተር ስትራይክ ማፕ በሚሠራበት ኤዲተር። እዚያ ሁሉም ነገር የሚለካው በዩኒት ነው። ለሕንፃ በተለመደው ልኬት አንድ ዩኒት ወደ 1.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቹ ሲቆም 72 ዩኒት ይረዝማል። ሳይዘል እግሩን አንስቶ ሊወጣው የሚችለው ከፍታ ደግሞ 18 ዩኒት ብቻ ነው። ይህንን 18 ያዙልኝ።

የእውነተኛው ደረጃ አንዱ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ነው። በዩኒት ሲመነዘር ወደ 9 ይጠጋል፣ ግን 9 አይሞላም። ግሪዱ፣ ማለትም ኤዲተሩ ነገሮችን የሚያሳርፍባቸው እኩል የተራራቁ መስመሮች፣ የሚወደው 8ን ነው። 20 እርከን በ8 ሲደረደር 160 ይመጣል። እውነተኛው ከፍታ ግን 3 ሜትር ከ40 ነው፤ በዩኒት 178 ተኩል። ልዩነቱ 18 ተኩል ሆነ። ተጫዋቹ መውጣት ከሚችለው በግማሽ ዩኒት በለጠ ማለት ነው። ግማሽ ዩኒት ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ጓደኛዬን ያስቆመችው እሷ ናት።

"ታዲያ ለምን 9 አታደርገውም?" የሚል ሰው ይኖራል። ይቻላል። ግን በደረጃው ጎን ያለው መስኮት 64 ላይ ነው የሚጀምረው፤ ሰባተኛው እርከን 63 ላይ ይመጣል። በመሃላቸው የአንድ ዩኒት ክፍተት ተፈጠረ። እሱን ለመሙላት ግሪዱን ወደ 1 ታወርዳላችሁ። ቁልፉ ቅርብ ነው፣ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው። በግሪድ 1 የተሠራው ግድግዳ ግን ቀጣዩን ግድግዳ ያስገድደዋል፣ ያም ቀጣዩን። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጣሪያ ለማሳረፍ ስትሞክሩ አራቱ ማዕዘኖቹ አራት ዓይነት ከፍታ ላይ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ማፕ ላይ ይህ አባባል ሲደርስ አይቻለሁ።

ግሪዱ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያለ እጥፍ እጥፍ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተር ክፍልፋይን የሚይዘው በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እያደረገ ነው። አንድ አሥረኛ ለእኛ ቀላል ቁጥር ነው። ለእሱ ግን ማለቂያ የለውም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን ስንጽፍ እንደማያልቅልን ሁሉ። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንድን ግድግዳ 30 ዲግሪ ስታዞሩት ማዕዘኖቹ ከግሪዱ ላይ ይወርዳሉ። አጠገቡ ያለውንም ስታዞሩት እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ወደሚቀርባቸው ቁጥር ይጠጋጋሉ። ልዩነታቸው ፀጉር አይሞላም፣ ግን አለ።

ያቺ ፀጉር የማትሞላ ስንጥቅ ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም። ጨለማ መሆን ያለበት ክፍል ጥግ ላይ ብርሃን ታስገባለች። የማፑን ውጫዊ ቅጥር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ማፕ ከውጭው ባዶ ጠፈር ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ማፑ ወደ ጨዋታ ሲቀየር፣ "ሊክ አለ" (ያፈሳል) ይላችኋል። ኤዲተሩ ከውስጥ ተነስቶ ቀዳዳዋን እስኪያገኝ የሚጓዝ ቀይ መስመር ያሰምርላችኋል። መስመሩን እየተከተላችሁ ግቢ ለግቢ ትዞራላችሁ። ስንጥቅን ፈርታችሁ ሁለቱን ግድግዳዎች ብታደራርቧቸውም ሌላ ጣጣ አለ። ሁለት ገጾች አንድ ቦታ ላይ ሲተኙ ኮምፒውተሩ የትኛውን ከፊት እንደሚያሳይ ይቸገራል፤ ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግድግዳው ይርገበገባል።

## ፒያሳ ለግሪድ አልተሠራችም

ሁላችንም ያደግንበት ደስት ቱ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ማፕ ነው። እስካሁን ይጫወቱታል። የሚመስለው እውነተኛ ሰፈር የለም፤ ከመጀመሪያው ለጨዋታ የታሰበ ቦታ ነው። በሩ ከግሪዱ ጋር ካልገጠመ በሩን ማንቀሳቀስ ነው። ማንም "የእኛ ቤት በር እዚህ አልነበረም" ብሎ አይጠይቅም።

ፒያሳ ግን ጠያቂ አላት። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን በእግሩ ወደ ማዘጋጃ ቤት የወጣ ሰው ዳገቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። (ቸርችልን ሙሉውን ማስገባት አይቻልም። የአንድ ማፕ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 32768 ዩኒት ነው፤ በእኛ ልኬት ከ620 ሜትር ብዙ አይዘልም። ስለዚህ የያዝኩት ላይኛውን ፒያሳ ብቻ ነው።) መንገዶቹ በ90 ዲግሪ አይገናኙም። ተዳፋቱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ እዚህ ጋ ቀስ ይላል፣ እዚያ ጋ ድንገት ይወርዳል። ተዳፋት የሚሠራበትን የመሬት ገጽ በክፍል በክፍል አድርጋችሁ በጎን በጎኑ መስፋት አለባችሁ። ሁለቱ የሚጋሩት ጠርዝ ልኩ አንድ ካልሆነ ስፌቱ አይይዝም፣ በመሃል መሬቱ ይከፈታል።

የማፑን መነሻ፣ ሦስቱም ቁጥሮች ዜሮ የሚሆኑበትን ነጥብ፣ የምኒልክ ሐውልት ሥር አድርጌዋለሁ። ከዜሮ በራቃችሁ ቁጥር የክፍልፋዩ ጥራት እየቀነሰ ስለሚሄድ መነሻን መሃል ላይ መትከል ይጠቅማል። ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ሰሞን ተመረቀ፤ ጣሊያን ነቀለው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲለዋወጥ ከእሱ ተነስቶ መለካት ይቻላል። ፒያሳ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ዜሮ አላውቅም።

ከሐውልቱ ቀጥሎ ያለው የጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። ስምንት ማዕዘን ነው። እኩል ጎኖች ያሉት ስምንት ማዕዘን ግሪድ ላይ በትክክል አይቀመጥም። አይቻልም። የሰያፎቹ ጎኖች ርዝመት የሁለት ስኩዌር ሩት ስላለበት ሙሉ ቁጥር ሆኖ አይመጣም። ታዲያ ብልሃቱ እጅግ የሚቀራረብ ጥምረት መፈለግ ነው። 5፣ 7፣ 5 (ለተቆረጠው ጥግ 5፣ ለቀጥታው ጎን 7፣ ለሌላው ጥግ 5) ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው፤ ቀጥ ያለው ጎን 7 ሲሆን ሰያፉ 7.07 ይሆናል። ለትንሽ ነገር ይበቃል። ለካቴድራሉ ግን 12፣ 17፣ 12ን ነው የመረጥኩት። በ32 ሲባዛ 384፣ 544፣ 384 ይመጣል። ሁሉም ማዕዘን ግሪዱ ላይ ያርፋል። ቀጥ ያሉት ጎኖች 544 ናቸው፣ ሰያፎቹ 543 ገደማ። በዚያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ይህንን ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል።

ግን ልብ በሉ፣ ልዩነቱ አልጠፋም። ያቺ አንድ ዩኒት አሁንም አለች። ስምንት ጎኖች ውስጥ ተደብቃ ነው ያለችው።

## ግንበኛው

ያ የደረጃ ነገር እንዳላስተኛኝ፣ የኮሪደር ሥራው በሚሠራበት ሰሞን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እየወጣሁ ነበር። አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ግንበኞች የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ ያነጥፋሉ። አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ውሃ የሞላ ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ አንድ ሱቅ ደፍ ላይ አስይዘው ሌላውን ጫፍ ይዘው ይራመዳሉ። ውሃው ሲረጋ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ክር ይወጥራሉ።

ቆሜ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስቀመጡት ድንጋይ ግድግዳው ሥር ያለውን አልነበረም። ከሱቁ ደፍ ፊት ለፊት፣ ሰው የሚገባ የሚወጣበትን ነው። ከዚያ ወደ መንገዱ ሙሉ ሙሉ ድንጋይ እያስቀመጡ ሄዱ። ከዚያ በደፉ ግራና ቀኝ። ግድግዳው ጠማማ ነው። አንድ ጥግ ላይ ድንጋይ አያስገባም፣ ሌላው ጥግ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ይተርፋል።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ከግድግዳው ያልጀመሩት?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ከግድግዳ ከጀመርኩ የግድግዳው ጠማማነት መንገዱ ላይ ይወጣብኛል" አሉ። "ጠማማውን ማቅናት አልችልም፣ የእኔ ሥራ አይደለም። ትርፉ የት ይሂድ የሚለውን ነው የምወስነው። ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ እዚያ ቆርጬ እሞላዋለሁ። ሰው የሚረግጠው መሃሉን ነው።"

ከዚያ በመዶሻቸው እጀታ የሕንፃውን የድንጋይ መሠረት አሳዩኝ። "ይሄን የሠራውም ያደረገው ይህንኑ ነው።"

ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ሕንፃ ነው። መሠረቱ በላይኛው በኩል ከመሬት ብዙም አይነሳም። በታችኛው በኩል ግን ደረቴ ድረስ ይመጣል። ከላይ ያሉት መስኮቶች በሙሉ አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ጣሪያውም እንደዚያው። መንገዱ ይወርዳል፣ ሕንፃው አይወርድም። በሁለቱ መሃል ያለውን አለመግባባት በሙሉ የተሸከመው ያ ጥርብ ድንጋይ ነው። ላይኛው ሱቅ ቀጥታ ነው የሚገባው። መሃለኛው አንድ እርከን አለው። ታችኛው አራት እርከን አለው። ፒያሳን ፒያሳ የሚያስመስላት አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሱቆች ደረጃቸው አንድ አለመሆኑ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ቴክስቸሩን (የግድግዳውን ገጽ ምስል) ወስጄዋለሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

## እዚህ ጋ ጌም ከመንገድ ይለያል

ቤት ገብቼ የግንበኛውን ነገር ቀጥታ ልጠቀምበት ስል አንድ ችግር መጣ። መንገድ ላይ ሰው የሚረግጠው መሃሉን ነው፣ እውነት ነው። ካውንተር ስትራይክ ውስጥ ግን መሃል መንገድ የሚሄድ ሰው ወዲያው ይሞታል። ሁሉም ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ጥግ ላይ ይሸጎጣል፣ በመስኮት ጠርዝ አጮልቆ ያያል። ተቆርጦ የተሞላውን ጥግ ከማንም በላይ በቅርብ የሚያየው ተጫዋች ነው። ስለዚህ ትርፉን ወደ ግድግዳ ሥር መግፋት ለእኔ አይሠራም።

ታዲያ የት ይሂድ? ብዙ አሰብኩበት። አሁን የደረስኩበት መልስ ግድግዳው ውስጥ የሚል ነው። የግድግዳን ውጭና ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የለም። የፒያሳ አሮጌ ግድግዳዎች ደግሞ ወፍራም ናቸው። የውጭው ገጽ መንገዱን ተከትሎ ይጣመም። የውስጡ ገጽ ክፍሉን ተከትሎ ግሪዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ግድግዳው በአንድ ጫፍ 24 ዩኒት፣ በሌላው 32 ይሁን፤ ማንም አያውቀውም። መጠንቀቅ ያለብኝ በርና መስኮት ጋ ብቻ ነው፣ ውፍረቱ እዚያ ይታያል። ስለዚህ በሮቹን ውፍረቱ ትክክለኛ በሆነበት ጫፍ አስጠግቼ አወጣቸዋለሁ።

ሰያፍ መንገዶቹን በዲግሪ ማዞር ትቻለሁ። ግንበኞች ማዕዘን ሲያወጡ የሚጠቀሙበትን 3፣ 4፣ 5 ነው የያዝኩት። አራት ወደ ፊት፣ ሦስት ወደ ጎን ከሄደ ሰያፉ ልክ አምስት ነው፣ ክፍልፋይ የለውም። እውነተኛው መንገድ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢለይም በዚህ ስሌት ሁሉም ማዕዘን ግሪዱ ላይ ያርፋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኔ አሁን ይሄ ነው፤ አንድም ቤት ሳይቆም መንገዶቹን በሙሉ ግሪዱ በሚችላቸው ሰያፎች ላይ ማስቀመጥ።

ደረጃውስ? እርከኖቹ በ8 ቀሩ። ከመሃሉ ላይ ግን ማረፊያ አስገባሁበት። ማረፊያው ጠፍጣፋ አይደለም፤ 128 ዩኒት ሲሄድ 16 ይነሳል። እንዲህ ያለ ተዳፋት ማረፊያ ፒያሳ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ክረምት ውሃ እንዳይቋጥር ይጠቅማል። 160 ላይ 16 ሲጨመር 176 ሆነ። የቀረችውን ሁለት ዩኒት ተኩል ላይኛው መንገድ በሙሉ ዝቅ ብሎ ዋጣት። አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጓደኛዬ አሁን ቁልፍ ሳይደበድብ ይወጣል። ማረፊያው ላይ ቆሞ ወደ ታች መተኮስም ጀምሯል፤ እሱን ያላሰብኩት ነው፣ ግን ወድጄዋለሁ።

## የማስጠጋበት ሲጠፋ

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው፤ እውነተኛው ቦታ እንዳለ፣ ሄጄ እንደምለካው። በ2016 ዓ.ም. ግን ፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ ዛሬ ሜትር ይዤ የምሄድበት ሰፈር አይደለም። የማፑ ታችኛው ክፍል ደግሞ እሱ ነው።

ፎቶ አለ። ፎቶ ውስጥ ልኩን የምናውቀው ነገር ካለ ይሠራል። የብሎኬት አጥር ካለ ጥሩ ነው፤ አንዱ ብሎኬት ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ነው። ረድፉን ቆጥሮ የአጥሩን ቁመት፣ ከአጥሩ ደግሞ የጣሪያውን ማግኘት ይቻላል። በየረድፉ መሃል ያለው ሲሚንቶ ውፍረቱ ስለሚለያይ እዚያም ትርፍ ይጠራቀማል፤ ግን መነሻ ነው። የጭቃ ቤት ግን ረድፍ የለውም። ልስኑ ብቻ ነው የሚታየው። ደጃፉ ላይ ሰው ቆሞ ከሆነ በሰውየው ቁመት እገምታለሁ። ባዶ ከሆነ እቸገራለሁ።

ሰው መጠየቅም ጀምሬያለሁ። እዚያ ያደጉ ሰዎች የሚለኩት በራሳቸው ነው። "ደፉ ጉልበቴ ድረስ ነበር" ይሉኛል። በስንት ዓመታቸው እንደሆነ መልሼ እጠይቃለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ጉልበትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጉልበት ማፑ ላይ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የሚገርመው ስፋትን ይረሳሉ፣ የእርከን ቁጥር ግን አይረሱም። ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ የወጣ ሰው ስንት እርከን እንደነበረ ያውቃል።

ስለዚህ ዶሮ ማነቂያ ወይም በዙሪያው የኖራችሁ ካላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉልኝ። ከግቢያችሁ በር እስከ ዋናው መንገድ ስንት እርከን ነበር? ስትወጡ መንገዱ የሚታጠፈው በግራ ነው በቀኝ? ጎረቤታችሁ ደጃፍ ከእናንተ ከፍ ይል ነበር ወይስ ዝቅ? ያን ጊዜ ዕድሜያችሁ ስንት ነበር? ፎቶ ከላካችሁ ሰው የቆመበትን ምረጡልኝ። ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ነገር ብትነግሩኝም ችግር የለውም። ሁለታችሁንም እጽፋለሁ፣ ግድግዳው መሃል ላይ አገናኛችኋለሁ።